በስቴኪኒ የቀረበው ድኩላ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለወንጌላዊ ሲላስ፣

ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ይላል። እኔ ናፍቆትህን ችዬዋለሁ፤ ያልቻልኩት ሌላውን ነው። ስለዚህ ሰላምታዬን በአጭሩ ተቀበል፦ ለእኔ ትዕግሥት ይስጠኝ፣ ለአንተ ኔትወርክ ይስጥህ። አንተ ያለህበት ቆላ ላይ ቴሌ እስኪደርስ ድረስ ቴሌያችን አቡበከር ነው። አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ ጡሩምባ እየነፋብኝ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ እሱን ውቀስ።

የጠየቅኸኝ እውነት ነው። የናትናኤል ቤተሰቦች ሽማግሌ ሊልኩ ነው። አይደለም፣ ቀኑን እኔ አልመረጥኩም። እኔ የማገባዋ ብቻ ነኝ። ቀኑን የቆረጡት አጎታችን ጋሽ ደበሌ ናቸው። አባታችን ካረፉ ጀምሮ ያሳደጉን እሳቸው ስለሆኑ ቀን ቢቆርጡ አይፈረድባቸውም። ምግቡንም ቆርጠዋል እንጂ፤ ጉዱ እሱ ላይ ነው።

የናትናኤልን አባት አቶ ባፈናን ታስታውሳቸዋለህ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በፓርክ ጥበቃ ነው። ጡረታ የወጡት እሳቸው እንጂ ወሬያቸው አይደለም፤ አውሬን ሁሉ በኮቴው፣ በፋንድያው፣ በሳሉ ጭምር እለያለሁ ይላሉ። አጎታችን ደግሞ ይህን ሲሰሙ ሙዝ ነጋዴ መሆናቸውን ይረሳሉ። ትናንት ማታ እራት ላይ ተነስተው ቆሙና እንዲህ አሉ፦

«በሬ ማንም ያርዳል። እኛ የአዳኝ ዘር ነን። ለባፈና የምናቀርበው ድኩላ ነው!»

ሲላስ፣ አጎታችን በሕይወታቸው የገደሉት ትልቁ አውሬ አይጥ ነው። እሱንም የገደለው ወጥመዱ ነው።

«አጎቴ» አልኳቸው፣ «ማደን እኮ ክልክል ነው። ለድሮ የፓርክ ጠባቂ ድኩላ ማቅረብ ማለት ለትራፊክ ፖሊስ ያለ መንጃ ፈቃድ ነድቶ ሄዶ ቁልፉን ማስረከብ ማለት ነው።»

«ማን አድኑ አለ? አንቺ አይደለሽም ለየሥልጠናው ለየሠርጉ እየተከፈለሽ ምግብ በጉርሻ በጉርሻ እየሠራሽ የምታቀርቢው? ፍየል አምጪና ድኩላ አድርጊው። ሙያ ማለት ይኸው ነው።»

ሚስታቸው እትዬ ሻሺቱ «ሰውዬ፣ ደህና ነህ?» አሏቸው። ሲሳሳቱ ጆሯቸው አይሰማም።

አሁን የምፈልገው ይህን ነው፦ እዚያ ያሉትን አዛውንቶች ጠይቅልኝ። የድኩላ ሥጋ መልኩ ምን ይመስላል? ስብ አለው? ሲጠበስ ምን ይሆናል? ደግሞም አንተ የወንጌል ሰው ነህና ይህንን ንገረኝ፦ ስሙን ሳልጠራ ባቀርበው ውሸት ይባላል?

እህትህ ምኞት


ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

በጌታ ለተወደድሽ እህቴ ለምኞት፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። ለአጎታችን፣ ለእትዬ ሻሺቱ፣ ለናትናኤልም ሰላምታዬ ይድረስ። እዚህ ያለችው ጉባኤም ሰላም ብላሻለች። ባለፈው እሁድ ጉባኤያችን ጥቂት ነበረች፤ ምእመናኑ ይዘዋቸው ከመጡ ፍየሎች ጋር ሲቆጠር ግን አዳራሹ ሞልቶ ነበር።

ስለ ውሸቱ የጠየቅሽኝ ከባድ ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ሳሰላስልበት አደርኩ። ውሸት አይደለም ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም። «ድኩላ ነው» የሚለው ቃል ከአፍሽ እስካልወጣ ድረስ ግን ውሸት ነው ብዬም ልጽፍልሽ አልደፍርም። ዝም ብለሽ አቅርቢ። ዝምታ በብዙ ነገር ይጠቅማል።

ሥጋውን በተመለከተ አንድ አዛውንት ጠይቄያለሁ። (እኔ ራሴ፣ ልብ አድርጊ፣ ጠየቅሁ እንጂ አልቀመስኩም።) እንደ እሳቸው አባባል ሥጋው ጠቆር ይላል፣ ስብ የለውም። በትልቁ ተቆርጦ ሲጠበስ ሰው ጫማውን ያኘከ ይመስለዋል። በአንድ ጉርሻ ልክ ተቆርጦ፣ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ነካ ነካ ተደርጎ ከወጣ ግን ይለሰልሳል። ስለዚህ አነስ ይበል። ስቡን አንድም ሳታስቀሪ ግፈፊው። አጥንት የሚባል ነገር በትሪው ላይ አይታይ፤ ፍየልን የሚያሳብቅባት አጥንቷና ስቧ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ምግብ አሠራር ጠይቀሽኝ እንደ ወንድም ስለ መለስኩልሽ ብቻ ነው። በዚህ ነገር ላይ ስሜ እንዳይነሳ አደራ። አገልግሎት ላይ ነኝ።

ወንድምሽ ሲላስ


አርባ ምንጭ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሲላስ፣

አላለቀስኩም። አቡበከር «ዓይኗ ቀልቷል» ብሎህ ከሆነ ሽንኩርት ነው በለው። በዚያን ሰዓት ሽንኩርት እንዳልነበረ አትንገረው።

«እንዴት ሆነ?» ላልከው፣ ሥጋው ከተጠበቀው በላይ ሆነ። መከራዬም እሱ ነው።

ፍየሏን ናትናኤል ከምዕራብ ዓባያ ገዝቶ በባጃጅ አመጣት፤ እሱ በዚህ እሷ በዚያ ተቀምጠው፣ ሙሽራና ሚዜ ይመስሉ ነበር። ከባጃጁ አልወርድ ስትል በቀንዷ ጎትቶ ያስገባት ራሱ ነው። ይህን ያዝልኝ። ስቧን ገፈፍኩ፣ ጅማቷን አወጣሁ፣ ከአጥንቷ ለየሁና ሥጋውን በሎሚ፣ በጎምዛዛው የሁመር ፍሬ ውኃ፣ በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ ዘፍዝፌ አሳደርኩት። ሁመሩ አጠቆረው። ጠዋት ሳየው እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ ፍየሏ በሌሊት ሃይማኖት የቀየረች ትመስል ነበር።

ግማሹን በስቴኪኒ ሰክቼ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ነካ ነካ አደረግሁት። ሌላውን ከትፌ፣ በሚለበልበው ዳጣ ለውሼ እንደ በቆሎ ዱቄቱ ቁርቁፋ ድብልብል አድርጌ ጠበስኩት። የቀረውን በሽፈራው ቅጠል አልብሼ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ በእንፋሎት አበሰልኩት። ሁሉም በአፍ አንዴ የሚገባ። በትሪ ደርድሬ ሳመጣው እትዬ ሻሺቱ «ወይኔ፣ ዋናውን ሥጋ ማን ሰረቀው?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፣ በሉ። ግን ዓይናቸው ከማድ ቤቱ በር አልተነሳም፤ ሥጋው እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር። ሰብሳቢያቸው፣ የኦቾሎው ሸማኔ ጋሽ ዓለሙ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ቅምሻው ነው?» አሉኝ። እንግዳ ሲከበር ሙሉ የሥጋ ብልት ከፊቱ እንደሚቀመጥ አንተም ታውቃለህ። በስቴኪኒ የቀረበ ሥጋ እዚህ አገር «ቶሎ በልታችሁ ሂዱ» ማለት ነው። አፈርኩ።

አቶ ባፈና ግን በሉ። አንዱን ጨርሰው ሌላውን፣ ሌላውን ጨርሰው ሌላውን። ይኼን ጊዜ አጎታችን በደስታ መቀመጫ አጡ።

«ጋሽ ባፈና» አሉ፣ «እስኪ ገምቱ! የምን ሥጋ ነው?»

ልብ አድርግልኝ፤ «ድኩላ» ያለ ሰው የለም። አቶ ባፈና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አኘኩ። ምላሳቸውን በጥርሳቸው ላይ አዞሩ። ከዚያም ፍርድ እንደሚያነብ ዳኛ፦

«ድኩላ። ወንድ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ። ከወንዝ ዳር የሚውል።»

አጎታችን እጃቸውን አጨበጨቡ! «አላልኳችሁም!» ያን ጊዜ ነው አቶ ባፈና የሕግ ሰው መሆናቸው ትዝ ያላቸው። ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡ። የመጨረሻዋን ስቴኪኒ ልሰው ካስቀመጡ በኋላ መታጠባቸውን ታሪክ ይመዝግብልኝ። «የታደነ ሥጋ ከበላሁበት ቤት ልጅ አልጠይቅም። ይህን ድኩላ የገደለው ሰው እስኪታወቅ ድረስ ነገሩ እዚህ ይቁም» ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው፤ ጋሽ ዓለሙ ብቻ አንዴ ወደ ማድ ቤቱ ዞር ብለው አዩ።

ናትናኤልስ? ናትናኤል ጣሪያ ያይ ነበር። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው፤ የሚታይ ነገር የለበትም።

በማግስቱ እኔው ራሴ ቤታቸው ድረስ ሄጄ «ጋሽ ባፈና፣ ፍየል ነበር» አልኳቸው። በአዘኔታ አዩኝ። «አጎትሽን ለማዳን ብለሽ ነው። ጥሩ ልጅ ነሽ» አሉኝ። የፍየሏን ቆዳና ጭንቅላት በከረጢት ይዤ ሄጄ ነበር፤ አወጣሁላቸው። «ፍየልም ታርዶ ይሆናል፤ እኔ የበላሁት ግን ድኩላ ነው» አሉ። ቤት ስመለስ ደግሞ አጎቴ «ፍየል ነው ብለሽ ተናገርሽ? ስሜን ቀበርሽው እኮ!» ብለው ጮሁብኝ። እንግዲህ እውነት የተናገርኩ ብቸኛ ሰው እኔ ነኝ፣ ውሸታም የተባልኩትም እኔ ብቻ ነኝ።

አንተ ወንጌላዊ ነህ፤ ቃልህ ይሰማል። የሥጋው አሠራር ከአንተ የመጣ መሆኑን፣ ነገሩም ፍየል መሆኑን የሚገልጽ አጭር ምስክርነት ጽፈህ ለጋሽ ዓለሙ ላክልኝ። ሌላ የምለምንህ የለም።

እህትህ ምኞት


ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ እህቴ ለምኞት፣

የሰላም አምላክ ከአንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጸልየንበታል። ማለትም ጸልየናል፤ ስለ ምን እንደምንጸልይ ለጉባኤው አልነገርኩም።

እኔ ደህና ነኝ። ጭቃው አንሸራቶኝ እግሬን ያመመኝ ብዙ አይደለም፤ አቡበከር ያጋንናል። ዝናቡ ግን አልቆመም።

ስለ ምስክርነቱ። ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው» ብዬ እዚያ ላይ ስደርስ ስሜን ከታች መግለጽ እንዳለብኝ አየሁ። እህቴ፣ ጋሽ ዓለሙ የጉባኤያችንም ሽማግሌ መሆናቸውን አትርሺ። «አንተ ፍየልን ድኩላ በማስመሰል ሥራ ውስጥ እንዴት ገባህ?» ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? በሚቀጥለው ወር ስለ ታማኝነት እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ይቅርታሽን እለምናለሁ። ከልቤ ነው።

ምክር ግን አለኝ። በፊታቸው ድገሚው። ፍየሉ በፊታቸው ይታረድ፣ በፊታቸው ይቆረጥ፣ ያንኑ አሠራር በፊታቸው ሥሪ፣ ከዚያ ይቅመሱ። አንደበታቸው ራሱ ይመሰክራል። ከዚህ የበለጠ ምስክር የት ይገኛል?

ናትናኤልን አትቆጪው። አባትን መፍራት መልካም ነገር ነው።

ወንድምሽ ሲላስ


አርባ ምንጭ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ስሙ ከታች ለማይገለጸው፣

እግርህ እንዴት ነው? እውነቱን ጻፍልኝ። አቡበከር «በዱላ ነው የሚሄደው» ብሎኛል። ተናድጄብሃለሁ፤ ግን በሁለት እግርህ ቆመህ ስናደድብህ ይሻለኛል።

ምክርህን ሠርቼዋለሁ። ሁለተኛ ፍየል ታረደች። ጋሽ ባፈና በርጩማቸውን አምጥተው ከቢላዋው አጠገብ ተቀመጡ። ቆዳው ሲገፈፍ አዩ፣ ሲዘፈዘፍ አዩ፤ ሌሊቱን ማንም እንዳይለውጠው ሥጋው ያለበትን ጓዳ በራሳቸው ቁልፍ ቆልፈው ሄዱ። ጠዋት ሰካሁ፣ ደበለበልኩ፣ ጠቀለልኩ። እጄ አንዲት ነገር አልቀየረችም፤ ኮረሪማውን እንኳ በዚያው ማንኪያ ነው የሰፈርኩት።

ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት አቀረብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አኘኩ።

«ይህ ፍየል ነው» አሉ።

ሲላስ፣ እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«የዚያን ቀኑ ድኩላ ነበር» ብለው ጨመሩ። «ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለማያውቅ አይታወቅም።»

አጎታችን ከመቀመጫቸው ዘለው ተነሱ። «ለማያውቅ አይታወቅም!» ብለው ደገሙ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገሩም ነበር፤ አሁን ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። አንዱ አዳኝ ሆነ፣ አንዱ ሊቅ ሆነ። ፍየል የሆንኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ተማከሩ። ማን እንደገደለው አይጠየቅም አሉ፤ የሌለ ገዳይ ከየት ይምጣ! ይልቅ ያበሰለችው ትናገር። በሽማግሌዎች ፊት «ድኩላ ሠርቼ አቅርቤያለሁ፣ ይቅር በሉኝ» እላለሁ። አቶ ባፈና ይቅር ይሉኛል፣ ነገሩ ለሕግ አይደርስም፣ ጋብቻውም ይቀጥላል። እምቢ ካልኩ ይቀራል። አለቀ።

«ብትይው ምን አለበት?» ልትለኝ ነው፤ አውቅሃለሁ። እንዲህ አለበት፦ ከዚያ ቀን በኋላ የትም ሠርግ ላይ የማቀርበው ሥጋ ሁሉ «ይሄን ደግሞ ከየት አደነችው?» ይባልበታል። በዚህ እጅ ነው የምኖረው። ሌላውም አለ። ቤት የምመሠርተው ባልሠራሁት ነገር ይቅርታ ጠይቄ ከሆነ፣ ገብቼ የምኖረውም ባልሠራሁት ነገር ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው።

ናትናኤልን ጂኦግራፊ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቄ ያዝኩት።

«ፍየሏን የጎተትካት አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ።»

«በየትኛው ቀንዷ?»

«በሁለቱም።»

«ታዲያ ተናገራ!»

«አባቴ ናቸው እኮ፣ ምኞትዬ። በሰው ፊት ‹ተሳስተዋል› ልበላቸው?»

«እኔስ በሰው ፊት ልዋሽ?»

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ» አለኝ።

እምቢ እንደምል ሰምተዋል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱ፣ አጎቴና አቶ ባፈና፣ እርጥብ ሣር ይዘው ፊቴ ሊንበረከኩ ነው አሉ። አንተ የጋሞ ልጅ ነህ፤ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ የደም ባላጋራ እንኳ እሺ እንደሚል አልነግርህም። ዱላ የያዘ ጎረምሳ በሣር ሲመለስ አይተናል። በዚያ ሣር ነው እንግዲህ እኔን «ድኩላ» ሊያስብሉኝ የሚመጡት። «ፍየል ነበር» ከማለት ጉልበታቸውን መሬት ላይ መጣል ቀለላቸው!

ምን ላድርግ? ለዚህኛው መልስ ስጠኝ። ስምህን አልጠራም።

እህትህ ምኞት


ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለምኞት፣

አጭር እጽፋለሁ፤ ተጋድሜ ስለምጽፍ እጄ ይደክማል። አትደንግጪ፣ ስብራት ነው ያሉት ጤና ጣቢያ ብቻ ናቸው። ስለዚህ መምጣት አልችልም። መምጣት ብችል እመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሣሩን አትግፊ። ሣር የገፋ ሰው በእኛ አገር ከማን ጋር ቡና ይጠጣል? ቃል ናት፤ በያትና ግቢ። ከዓመት በኋላ ማን ያስታውሳታል? ናትናኤል መልካም ልጅ ነው፣ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ።

ይህን ምክር ስጽፍ ደስ እንዳላለኝ እወቂልኝ።

ወንድምሽ ሲላስ


አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ፣

በመጀመሪያ፣ ስለ እግርህ፦ የላክሁልህን ቅባት ቀባው፤ ለጉባኤው አታድለው። እትዬ ሻሺቱ ከዳጣው ጋር በአንድ ፌስታል አሥረውታልና እንዳታሳስተው። እግርህን በዳጣ ከቀባህ ከአገልግሎት ቀርቶ ከአገር ትሮጣለህ።

ቀጥሎ፣ ስለ ምክርህ፦ ደርሶኛል። አንብቤ አጥፌ አስቀመጥኩት። ያላደረግሁት ተናድጄ እንዳይመስልህ። ተናድጄ ነው።

ግቢያችን ማንጎው ሥር ተሰበሰቡ። ከቀይ ምንጣፍ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም። አጎታችን ካባ ለብሰዋል፣ አቶ ባፈና የድሮ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ በዚህ ሙቀት! ሁለቱም በእጃቸው እርጥብ ሣር። መጡና ተንበረከኩ። እኔ አጎቴ ተንበርክከው አይቼ አላውቅም፤ ለጸሎት እንኳ ወገቤን ብለው ወንበር ይዘው ነው። «እሺ» ልል ምንም አልቀረኝም ነበር፣ አልዋሽህም።

«ልጄ» አሉ አቶ ባፈና፣ «ለሰላም ስትይ፣ ድኩላ ነበር በይ።»

«ለሰላም ስትይ» አሉ አጎቴ።

እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ? ጎንበስ ብዬ ከማንጎው ሥር ሣር ነቀልኩና ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«አባቶቼ፣ እናንተም ለሰላም ስትሉ ፍየል ነበር በሉልኝ።»

ግቢው ተተረማመሰ። «ሴት ልጅ ሣር ትይዛለች እንዴ?» የሚል አለ፤ «ይዛለችኮ፣ አሁን ምን ይደረጋል?» የሚል አለ። እነሱ ሣር ስለያዙ እኔ እምቢ ማለት አልችልም። እኔ ሣር ስለያዝሁ እነሱ እምቢ ማለት አይችሉም። ማንም መነሳት አልቻለም። ፀሐዩ ይወርዳል። አጎቴ በሹክሹክታ «ምኞት፣ ጉልበቴ» ይሉኛል፤ «የእኔም ነው» እላቸዋለሁ።

ይኼን ጊዜ ናትናኤል ከቆመበት መጣ። ሣር አልያዘም፤ የሚነቅለው ቦታ ጠፍቶት ይሆናል። ከእኔ ጎን ተንበረከከ። ፊቱ ላቡ ሲንቆረቆር አየዋለሁ።

«አባባ» አለ። «ፍየሏን ከምዕራብ ዓባያ የገዛኋት እኔ ነኝ። ከባጃጅ አልወርድ ብላ በቀንዷ የጎተትኳትም እኔ ነኝ። ፍየል ነበረች። ይቅር በሉኝ፣ ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ።»

አቶ ባፈና ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተ መምህር ነህ፤ ካርታ ታውቃለህ» አሉት። «ዕድሜዬን ከድኩላ ጋር የጨረስኩት እኔ ነኝ። ጣዕሙ አይጠፋኝም!»

ሲላስ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ ጋሽ ዓለሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምንም ተንኮል የለባቸውም፤ ሰውየው የሚጠይቁት ማወቅ ሲፈልጉ ብቻ ነው።

«ጋሽ ባፈና፣ እኔ ሸማኔ ነኝ፤ የዱር ሥጋ በልቼ አላውቅምና እንድማር ነው» አሉ። «እርስዎ እንዳይገደል ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ጣዕሙን የት አወቁት?»

አቶ ባፈና የያዙትን ሣር አገላበጡ። ኮቴ የሚፈልጉበት ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ሳስበው» አሉ፣ «አሁን ደጋግሜ ሳስበው፣ ፍየል የነበረ ይመስለኛል።»

«ጮክ ይበሉ፣ አልሰማሁም» አሉ ጋሽ ዓለሙ፤ እውነትም አልሰሙም።

«ፍየል!»

ሰዉ ሳቀ። ማን መጀመሪያ እንደሳቀ ባላውቅም እትዬ ሻሺቱ መሆናቸውን እጠረጥራለሁ። አቶ ባፈና ተነሱ፣ ካፖርታቸውን አራገፉና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «የእጇን ሙያ ተመልከቱ! ፍየልን እንዲህ አድርጋ ሠርታ እኔን ያሳሳተች ሴት በዚህ አገር የለችም» አሉ። ይቅርታ ጠይቂ የተባልኩ ሴትዮ ተመርቄ ተነሳሁ። አጎታችን ወዲያው «አሳዳጊዋ ማን ሆነና!» አሉ። ድኩላውን በዚያች ቅጽበት ረሱት፤ የአዳኝ ዘርነታቸው እስከ ሌላ ጊዜ አርፏል።

ከዚያማ ወንበር ተሳበ፣ ለስላሳ መጣ፣ የሠርጉ ቀን ይቆረጥ ተባለ። ከጥምቀት በፊት የሚል አለ፣ ከትምህርት ቤት ዕረፍት ጋር ይሁን የሚል አለ። አዳራሹን፣ መዘምራኑን፣ የመኪናውን ጌጥ ሳይቀር ተከራከሩበት። እኔ ሣሬን እንደያዝሁ መሐላቸው ቆሜያለሁ። ስለ ፍየሏ ወር ሙሉ ሲማከሩ ከከረሙት ሰዎች መካከል ዞር ብሎ «አንቺስ?» ያለኝ አንድ አልነበረም።

ሣሩን ማንጎው ሥር አስቀመጥሁና ሳህን ልሰበስብ ማድ ቤት ገባሁ። ናትናኤል እያነከሰ ተከተለኝ፤ መንበርከክ አልለመደም።

«ተናገርኩ እኮ» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን ተቆጣሽ?»

«ያኔ ትሪው ፊት ብትናገራት አንዲት ቃል ነበረች። አንተ እስክታወጣት ሌላ ፍየል አለቀ።»

ጣሪያውን ሊያይ አንገቱን ቀና አደረገና፣ ትዝ ብሎት መለሰው። ይህችን አይቼለታለሁ። እጅጌውን ሰብስቦ ሳህን ማጠብ ጀመረ፤ አስተጣጠቡ አያምርም።

«ሽማግሌዎቹ ተስማሙ» አለኝ ቆይቶ። «አጎትሽም፣ አባቴም። እንግዲህ አለቀ ማለት ነው?»

«እነሱ ናቸው የተስማሙት» አልኩት። «እኔን ገና ማንም አልጠየቀኝም። ነገ ና፣ አንተው ራስህ ጠይቀኝ። ሽማግሌ እንዳታመጣ። ሥጋም አልሠራም።»

ይህን የምጽፍልህ ገና «ነገ» ሳይደርስ ነው። እሺ እለው እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ መጀመሪያ መስማት ያለበት እሱ ነው።

እህትህ ምኞት